ሀዋሳ ለቅዳሜና እሁድ፦ ሰዓቱን ካወቃችሁ ሁለት ቀን ይበቃችኋል

«ቅዳሜና እሁድ ሀዋሳ ልንመጣ ነው፣ የት የት እንሂድ?» የሚል መልእክት የማይደርሰው የሀዋሳ ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ሁሌ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፣ የት ከማለታችሁ በፊት በስንት ሰዓት የሚለውን አስተካክሉ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ትልቅም አይደለችም፣ ባጃጅ ከያዛችሁ ከዳር እዳር ለመድረስ ብዙ አይፈጅባችሁም፣ ስለዚህ ቦታ አይጠፋባችሁም። የሚያበላሸው ሰዓቱ ነው። ሰው አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ በ7 ሰዓት ይሄድና «ይሄ ነው እንዴ ያወራችሁልኝ?» ብሎ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል፣ ታቦር ተራራን በጠራራ ፀሐይ ይወጣና ራሱን ሲያመው ያመሻል፣ ጀልባ ከሰዓት ይሳፈርና ንፋሱ ሲያንገላታው ይውላል፣ ከዛ አዲስ አበባ ተመልሶ «ሀዋሳ ዝም ብሎ ወሬ ነው» ይላል። ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት በሰዓት ነው፣ ቦታ መቀያየር ትችላላችሁ፣ ሰዓቱን ግን አትንኩብኝ።

መቼ ልምጣ?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፣ ለኔ እሱ ይሻላል። ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከአዳማ ጋር ብዙም አይለያይም፣ ከአዳማ ለምትመጡ አዲስ አየር አይሆንባችሁም፣ ከአዲስ አበባ የምትመጡ ግን ያን ወፍራም ጃኬት ቤት ተዉት፣ አንድ ስስ ሹራብ ለማታ በቂ ነው። በክረምትም ቢሆን መምጣት ይቻላል፣ አረንጓዴዋን ሀዋሳን ታያላችሁ፣ ጭቃውን ግን ቻሉት፣ የታቦር መውጫም ያንሸራትታል።

አልጋ የሚጠፋባቸውን ቀኖች እወቁ። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ ያኔ ከየአቅጣጫው ነው ሰው የሚጎርፈው፣ ሳይያዝ የሚመጣ ሰው ሻሸመኔ ሄዶ ሊያድር ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሰሞንም እንደዛው ነው፣ ቤተሰብ በሚኒባስ ሙሉ ነው የሚመጣው። ሌላው ፊቼ ጫምባላላ ነው፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ዩኔስኮ የመዘገበው። እሱ ቋሚ ቀን የለውም፣ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ኮከብ አይተው ነው የሚወስኑት፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ካላንደር ላይ አትፈልጉት፣ ቀኑ ሲታወጅ ስሙና ተነሱ። ከቻላችሁ ግን ለሱ ኑ። ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ ሜዳ ላይ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሴቱ በየጎሳው ቄጣላ እየጨፈረ ሲገባ መሬቱ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ በመንገድ ያገኘችሁ ሰው ሁሉ «አይዴ ጫምባላላ!» ይላችኋል፣ እናንተም ያንኑ መልሱ፣ በቃ ቤተሰብ ሆናችሁ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ቃሊቲ መናኸሪያ ነው፣ በግል መኪና ከሆነ የአዳማውን የፍጥነት መንገድ ይዛችሁ ሞጆ ጋ ትገነጠሉና እስከ ባቱ (ዝዋይ የምንላት) በፍጥነት መንገዱ ትገሰግሳላችሁ። ከባቱ ወዲህ አሮጌውን መንገድ ከያዛችሁ እሱ ነው የሚያዘገየው፣ ከብት ይሻገራል፣ አህያ ጋሪ አለ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ውስጥ ባጃጅ እንደ ንብ ነው። ጉዞው ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ያዙ። ከአዳማ የምትመጡ ደግሞ አዲስ አበባ መመለስ አይጠበቅባችሁም፣ ቀጥታ መኪና ካጣችሁ እስከ ሻሸመኔ ያዙና እዛ ቀይሩ፣ ከሻሸመኔ ሀዋሳ ቅርብ ነው፣ ሚኒባሱም አይጠፋም።

አንድ ምክር፣ ዓርብ ግማሽ ቀን አስፈቅዱ። ከሥራ ወጥቼ 11 ሰዓት ላይ እነሳለሁ ያለ ሰው በጨለማ ነው የሚነዳው፣ ይሄን መንገድ በማታ መንዳት ደሞ ለማንም አልመክርም፣ መብራት የሌለው ጋሪ መሃል መንገድ ላይ ታገኛላችሁ። በቀን ስትመጡ የምታዩትም ነገር አለ፣ ግራ በኩል ከተቀመጣችሁ ላንጋኖን፣ ቀኝ በኩል ከተቀመጣችሁ የአብያታና የሻላን አቅጣጫ ታያላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ የሚያመላልሱትን ሾፌሮች ጠይቁ፣ ከማንም በላይ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። መታወቂያ እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ከተማ መግቢያው ጥቁር ውሃ ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል፣ አልጋ ስትይዙም ይጠየቃል። በአውሮፕላንም ይመጣል፣ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ግን ኤርፖርቱ ከከተማው ወጣ ስለሚል የታክሲውን ሂሳብ ጨምራችሁ አስቡት።

አልጋ የት ልያዝ?

ሐይቅ ዳር፣ መሃል ከተማ ወይ መናኸሪያ አካባቢ፣ ሦስት ምርጫ አላችሁ። ሐይቅ ዳር የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሪዞርትና ሌዊ የመሳሰሉት አሉ፣ ኪስ ከፈቀደ ደስ ይላል፣ በተለይ ልጆች ካላችሁ ገንዳ ስላላቸው ሐይቅ ውስጥ ካልገባን ብለው አያስቸግሯችሁም። ለኔ ግን ሁለት ቀን ብቻ ለሚመጣ ሰው ፒያሳ አካባቢ ይሻላል፣ ከገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሰፊ መንገድ አጠገብ ሆናችሁ ሁሉንም በእግር ታዳርሳላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ውጪ ለምትሆኑበት ክፍል ያን ያህል ማውጣትም አይታየኝም። መናኸሪያ አካባቢ ርካሽ ነው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ግን «ሻሸመኔ ሻሸመኔ ሻሸመኔ!» የሚል ረዳት ይቀሰቅሳችኋል።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ሙቅ ውሃውን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩት («አለ» እና «እየመጣ ነው» የሚሉት መልሶች ልዩነት አላቸው)፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር እንዳለ ጠይቁ፣ አጎበር መኖሩን እዩና ተቀዶ ከሆነ አስቀይሩ። አጎበሩን ቀልድ አታድርጉት፣ ሀዋሳ ወባ አለ። ፎቅ ላይ፣ ከመጠጥ ቤት ራቅ ያለ ክፍል ስጡኝ ማለትም ነውር የለውም፣ ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ነው።

ዓርብ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ

ሻንጣውን ወርውሩና ቀጥታ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው፣ 12 ሰዓት አካባቢ ዳሩ ላይ ካልሆናችሁ አመለጣችሁ ማለት ነው። የተጠበሰ በቆሎ ያዙ፣ ድንጋዩ ላይ ወይ ከጀበና ቡናዎቹ አንዷ ጋ ዱካ ላይ ቁጭ በሉ። ከሁለቱ ቡናዋ ጋ ይሻላል፣ ሲዳማ መጥታችሁ ማኪያቶ አዝዛችሁ እንዳትገኙ፣ ተማምለናል።

ፎቶ አንሺ ይመጣባችኋል፣ ካሜራ አንገቱ ላይ የሰቀለ ወጣት፣ በጣም ትሑት ነው፣ በጣምም ጎበዝ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ስንት ፎቶ፣ አንዱ በስንት፣ በቴሌግራም መቼ ይላካል የሚለውን ጨርሱ። ካልጨረሳችሁ ዝም ብሎ ቀጭ ቀጭ ያደርግና ሁሉም ቆንጆ ሆኖባችሁ መምረጥ ያቅታችኋል፣ የመጣችሁበትን የትራንስፖርት ብር ፎቶ ላይ ታራግፋላችሁ።

ሲመሽ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ትንኙ ሰዓት አክባሪ ነው፣ ልክ ፀሐይ እንደገባች ይወጣል። ዓርብ ማታ አትክረሙ፣ ቅዳሜ በጠዋት ትነሳላችሁ።

ቅዳሜ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፦ አሞራ ገደል

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት እንኳን ይሄን እንዳትዘሉ። የመግቢያ ትንሽ ብር አለች፣ ዝርዝር ያዙ። በዚህ ሰዓት ሌሊቱን መረብ የጣሉት ታንኳዎች ወደ ዳር ይመጣሉ፣ አሳ አጥማጆቹ ቁጭ ብለው መረቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አሳውን አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ ከአጠገባቸው ነጋዴው ገና መረብ ላይ እያለ ይከራከራል። በብዛት የምታዩት ቆሮሶ ነው፣ ሰፋ ጠፍጠፍ ያለው፣ ፂም ያለው ጥቁሩ ደሞ አምባዛ ነው።

ከዛ የሚሞልጩት ልጆች ጋ ሂዱና ቁሙ። እጃቸውን ብቻ እዩ። ቆሮሶውን በግራ እጁ ጭንቅላቱን ጫን አድርጎ ይይዛል፣ ቢላው ከጉሮሮው ኋላ ይገባና አጥንቱን ተደግፎ እስከ ጅራቱ ሸርተት ይላል፣ ይገለብጠዋል፣ በዛኛውም በኩል እንደዚሁ፣ ከዛ ቆዳውን ከሥጋው ላይ ይገፈዋል፣ ሁለት ንጹሕ ፊሌቶ ሳህኑ ላይ ያርፋል፣ እናንተ ገና ስልካችሁን ከኪሳችሁ እያወጣችሁ ነው። የቀረውን ጭንቅላትና አጥንት ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ እዛ ደሞ አባ ኮዳ ተሰልፎ ይጠብቃል። መላጣ ራሱን አቀርቅሮ ሲቆም ጡረታ የወጣ ዳኛ ይመስላል፣ ቁመቱ ለሕፃን ልጅ ያስፈራል፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደሞ ለትልቅም ያስፈራል። ፎቶ እንዲያምርላችሁ አሳ በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ አታቅርቡለት፣ ያ ምንቃር ጣት አይለይም፣ ከፈለጋችሁ ወርውሩለት። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ፣ እሱ ጨዋ ነው፣ ከላይ ሆኖ ቅጠሉን ይበላል። ጦጣዋን ግን ተጠንቀቁ፣ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ዞር ካላችሁ ዳቦው የሷ ነው።

አሁን ቁርስ። መጀመሪያ የአሳ ሾርባ እዘዙ፣ ትኩስ ትኩሱን፣ ሚጥሚጣ በተን አድርጋችሁ። ቀጥሎ ጥብስ። አሳውን ራሳችሁ መምረጥ ትችላላችሁ፣ ጆሮ ግንዱን፣ የሚተነፍስበትን በኩል፣ ገልጣችሁ እዩ፣ ቀይ መሆን አለበት፣ ቡኒ ከሆነ የትናንት ነው፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን፣ ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ይነሳ። ዋጋውን ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተነጋገሩ፣ በአንድ አሳ ነው ወይስ በሳህን? ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ አበላል የሚያስቸግረው ሰው አለ፣ ቀላል ነው፦ ከጀርባው ያለችውን እሾሃማ ክንፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይ ንቀሏት፣ ሙሉዋን ትወጣለች፣ ከዛ ሥጋውን ከመሃል አጥንቱ ወደ ታች እየገፋችሁ ነው፣ አንዱን ጎን ስትጨርሱ አትገልብጡት፣ አጥንቱን ከጅራት በኩል ብድግ ስታደርጉት ሌላኛው ጎን ከሥሩ ይጠብቃችኋል። ከዳጣ ጋር ነው ታዲያ፣ አረንጓዴውን ዳጣ ጠይቁ፣ ያለ ዳጣ አሳ የበላ ሰው አሳ በላሁ ባይል ደስ ይለኛል።

ጥሬ አሳ በአዋዜ የሚበላም አለ፣ ወዳጆቼ ይምሉበታል። እኔ አልመክርም፣ የሐይቅ አሳ ጥሬውን ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ ሆዳችሁ ካመማችሁ ደሞ እሁድን በጠቅላላ አጣችሁት። በአካባቢው ሰው አትፍረዱ፣ እናንተ ግን የተጠበሰውን ብሉ።

ጀልባ፣ ከ4 ሰዓት በፊት

ከቁርስ በቀጥታ ወደ ጀልባ ውረዱ፣ ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳል። ስትደራደሩ በሰው አትደራደሩ፣ ለጀልባው በሙሉ፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን ያዙ፣ አምስት ከሆናችሁ ልዩነቱ ብዙ ነው፣ ብሩንም ስትመለሱ ክፈሉ። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ፣ «ችግር የለም እኔ ዋናተኛ ነኝ» የሚል ጀልባ ነጂ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ ጀልባ እለፉ፣ እሱ ዋናተኛ መሆኑ ለናንተ ምን ያደርግላችኋል?

ጉማሬ ማየት ነው የሰው ሁሉ ጉጉት። አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ሁለት ጆሮና ሁለት አፍንጫ ነው፣ ደሞ ይጠልቃል፣ ደሞ ሌላ ቦታ ይወጣል። ነጂው ጠጋ ልበል ሲል እናንተ በቃን በሉ፣ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል፣ ልጆቿ አጠገብ ያለች ደሞ ቀልድ አታውቅም። ወፍ የምትወዱ ከሆነ ወፍ ነው የሚበዛው፣ ዓሣ ንስሩ ከዛፍ ላይ ወርዶ ሲነጥቅ ካያችሁ የዛን ቀን ዕድላችሁ ነው።

ዋናስ? አይሆንም። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም፣ ከከተማው የሚታጠበው ሁሉ እዛው ነው የሚቀረው። በዛ ላይ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ዳር ላይ ያለው ቀንድ አውጣ ነው የሚያስተላልፈው፣ እግራችሁን ለመንከር እንኳን አትቸኩሉ። የሰፈር ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፣ እሱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት

ፀሐዩ ስለሚከብድ እዚህ ላይ ብዙ አትሯሯጡ። ምሳ ቡሪሳሜ የሚሠራ የባህል ምግብ ቤት ጠይቁ፣ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል። ከእንሰት የሚዘጋጅ ነው፣ ቅቤው እጅ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ነው፣ በሸክላ ያቀርቡላችኋል፣ ሁለት ሰው አንድ ይበቃዋል፣ እርጎ ይጨመርበት። ከዛ በኋላ መንቀሳቀስ ስለማትችሉ እንቅልፍ ተኙ፣ የምሬን ነው፣ መመሪያው ውስጥ ያለ ነው።

ያልተኛ ሰው አቮካዶ ጁስ ይጠጣ። አቮካዶው ከዚሁ ከሲዳማ ነው፣ ማንኪያ ነው የሚቆመው፣ ስኳር አታብዙ በሉ፣ ሎሚ ጨመቅ ይደረግበት።

ብስክሌት ለምትወዱ ደሞ ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ የሚያከራዩ አሉ፣ በሰዓት ነው፣ መታወቂያ ይይዛሉ። ስትረከቡ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ጎማውን ተጫኑ፣ የተላጠ ቦታ ካለ በስልካችሁ አንሱት፣ ሲመለስ «እናንተ ናችሁ የላጣችሁት» እንዳይባል። ቀትር ላይ ሳይሆን 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውሰዱ፣ የውስጥ ለውስጡን ጥላ ያለበትን መንገድ ይዛችሁ ሂዱ፣ አደባባይ ላይ ግን ባጃጁ ለናንተ ቅድሚያ ይሰጣል ብላችሁ አትመኑ።

ባጃጅን በተመለከተ፣ ሁለት አይነት ነው፣ በመስመር ሰው እየጫነ የሚሄደውና ኮንትራት። ዝም ብላችሁ ሻንጣ ይዛችሁ «ሐይቅ!» ካላችሁ ኮንትራት ነው የሚያስባችሁ። «በሰው ነው» ብላችሁ ግቡ። ኮንትራት ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ቁረጡ፣ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ደሞ ዋጋው ይጨምራል፣ እሱን አትጨቃጨቁ።

ከ10 ሰዓት ተኩል፦ ታቦር

ከባድ ተራራ አይደለም፣ ስኒከር ያደረገ ሰው ሁሉ ይወጣዋል። ውሃ ያዙ፣ ሰብሰብ ብላችሁ ውጡ፣ ብቻችሁን አትውጡ፣ ስልክና ቦርሳ እያንጠለጠላችሁም አትሂዱ። አናቱ ላይ ስትደርሱ ባንድ በኩል ሐይቁ፣ ባንድ በኩል ከተማዋ ተዘርግታ፣ ወዲያ ደሞ አላሙራ ተራራ። ከላይ ስታዩት ከተማዋ ምን ያህል በገመድ እንደተሰመረች ይገባችኋል፣ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ዛፎች፣ ቆርቆሮ ጣራው በማታ ፀሐይ ሲያብለጨልጭ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ጀምራችሁ ውረዱ፣ ጨለማ ውስጥ መውረዱ ነው ቁርጭምጭሚት የሚያስወልቀው።

ማታ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ሙዚቃ ያለበትም፣ ጸጥ ያለም አለ። ብቻዋን ለምትመጣ ሴት የምለው፣ ዋናው መንገድ ላይና ሐይቅ ዳር ሰው እስካለ ድረስ መራመድ አያስቸግርም፣ ሰው ሲቀንስ ግን የሆቴሉን ሰው ባጃጅ አስጠሪው፣ የሚያውቁት ነጂ አላቸው። እና ኳስ የምትወዱ ካላችሁ፣ ሀዋሳ ከተማ ወይ ሲዳማ ቡና በሜዳው የሚጫወትበት ሳምንት ላይ ከገጠማችሁ፣ ማታውን ከየትኛውም ጭፈራ ቤት ይልቅ በየቡና ቤቱ ያለው ክርክር ያዝናናል። የየትኛው ደጋፊ እንደሆናችሁ ከመናገራችሁ በፊት ግን የጠረጴዛውን አየር እዩ።

እሁድ፦ አንድ ብቻ ምረጡ

ሰው እሁድን የሚያበላሸው ሦስት ቦታ በአንድ ጠዋት ሲያስብ ነው። አንዱን ብቻ።

ሥዕል የሚወድ ሰው ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ይሂድ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአፍሪካ ውጪ ላሉ ጥቁሮች በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያን ያሉበት ነው፣ እዛ ከደረቀ የሙዝ ቅጠል ብቻ ሥዕል የሚሠራበት ቤት አለ፣ ቀለም የለውም፣ ቡኒው፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ ሁሉ የቅጠሉ የራሱ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ የቅጠሉ ጅማት የሰው ልብስ እጥፋት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰፈሩ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ካሜራ ከመደገናችሁ በፊት ጠይቁ፣ በማያውቁት ሰው መቀረጽ ማንም አይወድም። መንገድ ላይ «ላስጎብኛችሁ» እያለ የሚከተል ካለ በትሕትና አመስግናችሁ እለፉ።

ድካም ማውጣት የፈለገ ሰው ወንዶ ገነት ይሂድ። ፍል ውሃ ነው፣ ከተራራው ሥር ይወጣል፣ ዙሪያው ደን ነው። እዚህም ሰዓት አለ፣ ከ2 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ እሁድ ሰው ይበዛል። ፎጣና ቅያሪ ያዙ፣ ከወጣችሁ በኋላ ውሃ ጠጡ፣ ደም ግፊት ወይ እርግዝና ያለባት ሰው ብዙ አትቆይበት።

ይርጋለምም አለ፣ ቡናና እንሰት በየጓሮው የሚታይበት፣ በቀርከሃ የተሠራው የሲዳማ ቤት አሠራር እዛ ነው በደንብ የሚታየው፣ ግን እሱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ለመመለስ ከአዲስ አበባ ትርቃላችሁ፣ ሰኞ ሥራ ለሌለው ሰው ነው።

የትም የማይሄድ ሰው ጠዋት ገብርኤል ይሳለም፣ ነጠላ ይዞ፣ ከዛ በሰፊው መንገድ እየተዝናና ወደ ሐይቅ ይውረድ፣ ይሄም እሁድ ነው።

መመለሻ

እሁድ ከ7 ሰዓት በፊት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ለቅሶ የመጣውም አንድ ላይ መናኸሪያ ስለሚገባ መኪና ይጠፋል፣ የሚገኘውም ታሪፍ ይጨምርባችኋል፣ ሻሸመኔ ላይ ደሞ ትራፊኩ አለ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ቡና ጥሬውን ግዙ፣ የተቆላው መንገድ ላይ ሽታው ያልቃል፣ ፍሬው እኩል መጠን ያለው፣ ያልተበሳና ያልተሰበረ መሆኑን በእጃችሁ ዝገኑና እዩ። አቮካዶ ከሆነ ጠንካራውን ምረጡ፣ የበሰለውን ከገዛችሁ ሞጆ ሳትደርሱ ቦርሳችሁ ውስጥ ጁስ ይሆናል። አናናስ ታችኛውን በኩል አሽትቱ፣ ከሸተተ ደርሷል።

አሳ ለቤተሰብ የምትወስዱ ከሆነ ደሞ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ላይ ፊሌቶ አስደርጉ፣ የሆቴሉን ኩሽና ለምናችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ በጠፍጣፋው ይቀመጥ፣ እሁድ እንደ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። በሁለት ፌስታል አድርጉት፣ በጋዜጣ ደራርባችሁ ጠቅልሉት፣ ከላይ ፎጣ፣ እና ቦርሳው መሃል ላይ ልብስ ዙሪያውን አድርጋችሁ አስቀምጡት። መኪናው ጣራ ላይ እንዳትሰጡት፣ ረዳቱ «እዛ ይሻላል» ቢላችሁም እምቢ በሉ፣ እግራችሁ ሥር ይሁን። ቤት ስትደርሱ ፈትቶ ከሆነ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፣ የዛኑ ማታ ጉላሽ ሥሩት።